ጥበቃውን ሳይጠይቁ የሚጎበኙት ግቢ

አንባቢያን ይጠይቃሉ፣ ባለሙያዎች ይመልሳሉ

ጥያቄ፦ የምሠራው አምስት ህንጻ ባለው የሙዚየም ግቢ ውስጥ ነው። ዓምና አሥራ ሁለት ጠቋሚ ሰሌዳ አሠርተን ተከልን። ጎብኚው ግን ዛሬም በር ላይ ቆሞ ጥበቃውን ይጠይቃል። ብዙው ሦስተኛውን ህንጻ ሳያይ ይወጣል። ሰሌዳ እንጨምር ወይስ ምን ይሻላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለጊዜው አይጨምሩ። መጀመሪያ ለጥበቃው አንድ ደብተር ይስጡትና ለአንድ ሳምንት፣ በተጠየቀ ቁጥር ጭረት ያስምር፦ ትኬት፣ ሽንት ቤት፣ መውጫ፣ እያንዳንዱ ህንጻ። ግቢው የጎደለውን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን ማንም አይጠይቀውም።

ቀጥሎ ግቢውን ረግጠው የማያውቁ አምስት ሰዎች ጋብዙና «ሦስተኛውን ህንጻ ፈልጉ» ብላችሁ ከኋላ ዝም ብላችሁ ተከተሏቸው። ማገዝ የለም፣ ጣት መቀሰር የለም። ቆም ብለው ዞር ዞር ያሉበትን ቦታ መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ሁለት ሰው የቆመበት ቦታ ሰሌዳ ይፈልጋል። ማንም ያልቆመበት ቦታ ያለውን ነቅላችሁ ወደዚያ ውሰዱት። ሰው የሚደናገረው መንገዱ ሲከፈል ነው፤ ሰሌዳ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው ሚስማር ለመምታት የሚመች ግድግዳ በተገኘበት ነው። ከአሥራ ሁለቱ ስንቱ መንታ መንገድ ላይ እንዳለ ቁጠሩ።

ስሙንም ፈትሹ። ሠራተኛው «አዲሱ ህንጻ» የሚለውን ትኬቱ «ኤግዚቢሽን አዳራሽ»፣ አስጎብኚው «ጋለሪ» ካለው ጎብኚው ሦስት ቦታ ይፈልጋል። ለአንድ ህንጻ አንድ ስም፤ ትኬቱም፣ በሩም፣ የጥበቃው አፍም ያንኑ ይበል። ህንጻዎቹን በፊደል ለመሰየም ካሰባችሁ ተዉት። በተራው ከሄዳችሁ አንደኛው «ሀ»፣ ሦስተኛው «ሐ» ይሆናል፤ በስልክ ለሚሰማ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው። ቁጥር ይሻላል፤ ግን ሁልጊዜ «ህንጻ 2» ይባል፣ «2ኛ» ብቻ ከተባለ ፎቅ ይመስላል።

ወደ ጽሕፈቱ ስንመጣ፣ ለላቲን ፊደል የተለመደው መለኪያ በ7.5 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ነው፤ ከ15 ሜትር እንዲነበብ 5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ለእኛ ፊደል ቢያንስ ሩቡን እንጨምርበታለን። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ «ሱ» እና «ሲ»ን የሚለያቸው አንዲት ጭረት ያለችበት ቦታ ነው፣ መሐል ወይም እግር ላይ፤ ከሩቅ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ሠዓሊው ይድመቅ ብሎ ፊደሉን እጅግ ካወፈረው ደግሞ የ«ሴ» ቀለበት ተደፍኖ ነጠብጣብ ይሆናል። መካከለኛ ውፍረት ምረጡ። ከመታተሙ በፊት አንዱን መስመር በትክክለኛ መጠኑ ወረቀት ላይ አውጥታችሁ ስቀሉና ርቀቱን ሄዳችሁ አንብቡት። የ20 ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚዘለውም እሱ ነው።

አንድ ሰሌዳ ከአምስት መስመር አይለፍ። ቀጥታ ለሚኬድበት ቀስቱ ወደ ላይ ይሁን፤ ወደ ታች ያለ ቀስት ያቆማል እንጂ አያስኬድም። የግራ ቀስት ከጽሑፉ በግራ፣ የቀኝ በቀኝ። ሰሌዳው ጀርባም እንዳለው አትርሱ፦ ከህንጻ 5 ወደ መውጫው የሚመለስ ሰው የሚያየው ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ መልሶ ጥበቃ ፍለጋ ይሄዳል።

የግቢው ካርታ ላይ አንድ ስህተት በብዛት እናያለን፤ አንዱን ካርታ አራት ቦታ አትሞ መስቀል። ቆሞ የሚነበብ ካርታ ላይኛው ጫፉ አንባቢው ፊት ለፊት የሚያየው መሆን አለበት። እኛ ቤት መንገድ የሚነገረው በሰሜንና በደቡብ ሳይሆን «ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ከዋርካው አለፍ ብሎ» ነውና ካርታው ፊት ለፊት ከሚታየው ጋር ካልገጠመ ሰው ይደናገራል። ስለዚህ በየተሰቀለበት ቦታ ካርታው ይዞር፣ ጽሑፉ ግን ቀና ብሎ ይቁም፤ «እርስዎ እዚህ ነዎት» የሚለው ነጥብም ከሌላው ሁሉ ይጉላ። ዋርካውን፣ ፏፏቴውን፣ የድንጋይ ደረጃውን ሳሉበት። መሐሉ ከመሬት 1.4 ሜትር አካባቢ ቢሆን በተሽከርካሪ ወንበር ላለ ሰውም ይነበባል።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ቀይና ቢጫ ሕትመት ፀሐይ ላይ ቶሎ ይነጣል። ጥቁር ወይም ጥልቅ ሰማያዊ በነጭ ላይ ይቆያል፤ ሽፋኑ የማያንጸባርቅ ይሁን። ክረምት ሲወጣ ደግሞ ግቢውን አንዴ ዙሩ፤ በነሐሴ ያደገ ቅርንጫፍ በመስከረም ሰሌዳ ይጋርዳል።

የመግቢያ ሰዓቱን በአማርኛው በእኛ ሰዓት፣ በእንግሊዝኛው በውጭው አቆጣጠር ጻፉ። 2:30ን እንዳለ የሚያነብ የውጭ ዜጋ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ጎግል ማፕ ጎብኚዎቻችንን ወደ ተዘጋው የኋላ በር ይወስዳቸዋል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ምልክቱ ግቢው መሐል ላይ ስለተቀመጠ ነው። ስልኩ ለምልክቱ የቀረበውን የመኪና መንገድ ይመርጣል፤ በሩ ይከፈት ይዘጋ አያውቅም። «ማስተካከያ ጠቁሙ» በሚለው በኩል ምልክቱን ጎብኚ ወደሚገባበት በር አንሸራቱት፤ የበሩንም ፎቶ ጨምሩ። ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ የኋላው በር ላይ ወደ ፊቱ የሚያመራ ቀስት ያለው ሰሌዳ ስቀሉ።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ትመጣለች፤ ብዙ መራመድ አትችልም። በዋሽንግተን የስሚዝሶንያን ሙዚየሞች ውስጥ የአፍሪካ ጥበብንና የሰው ዘር አመጣጥን በአንድ ቀን ላሳያት እችላለሁ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ይቻላል፣ ተራው ከተጠበቀ። ሁለቱም መግቢያቸው ነጻ ነው፤ አብዛኞቹ ህንጻዎች የሚከፈቱት በአሜሪካው አቆጣጠር በ10 ሰዓት ነው፣ ለእናትዎ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ብለው ይንገሯቸው።

ከስሚዝሶንያን ባቡር ጣቢያ በኢንዲፔንደንስ ጎዳና በኩል ይውጡና ከአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ይጀምሩ። ከውጭ የሚታየው አነስ ያለ ህንጻ ነው፤ አዳራሾቹ ከመሬት በታች ስለሆኑ ብዙ ሰው ትንሽ ቢሮ መስሎት ያልፈዋል። ከዚያ ሰፊውን ሜዳ ተሻግረው ወደ ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሄዳሉ። ይህ የቀኑ ከባድ ጉዞ ነው፤ መተላለፊያው ጠጠር ነው፣ ሙዚየሞቹ በነጻ የሚያውሱት ተሽከርካሪ ወንበር ደግሞ ከህንጻው አይወጣም። የራሳችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

እዚህ ጋ ፎቅ ያምታታል። አሜሪካ «1ኛ ፎቅ» የሚለው ብዙ ጊዜ እኛ ምድር የምንለውን ነው። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ደግሞ ሁለት በር አለው፦ በሜዳው በኩል የገባ 1ኛ ፎቅ ላይ ነው፣ በኮንስቲቲዩሽን ጎዳና በኩል የገባ ግን አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ይገባል። የሰው ዘር አመጣጥ አዳራሹ 1ኛ ፎቅ ላይ ነው። ከተጠፋፋችሁ መገናኛችሁ መሐል አዳራሹ ላይ የቆመው ትልቁ ዝሆን ይሁን፤ «በሩ ላይ» ከተባባላችሁ ሁለታችሁም በሩ ላይ ቆማችሁ ላትገናኙ ትችላላችሁ። ጎረቤቱ የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየምም እንዲሁ ነው፦ በሜዳው በኩል የሚገባው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ራሱን ያገኛል።