የቢራ ገብስ ውል ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄው የመጣው ከአርሲ ነው። ጠያቂው 2 ሄክታር መሬት ያላቸው አርሶ አደር ናቸው። አንድ ድርጅት የቢራ ገብስ እንዲያመርቱለት ውል አቅርቦላቸዋል። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ይሰጣቸዋል፣ ምርቱን ደግሞ አሁን በተቆረጠ ዋጋ ይረከባል። «ማዳበሪያ አልቀመስ ብሏል፣ እጄ ላይም ጥሪት የለም። ልፈርም ወይስ የለመድኩትን ስንዴ ልዝራ?» ይላሉ።

ጋሼ፣ እኔ ይፈርሙ ባይ ነኝ። ግን በግማሹ መሬት ብቻ፣ ያውም ውሉን ካስተካከሉ በኋላ።

ማዳበሪያው በቶሎ ይረክሳል ብዬ አላጽናናዎትም። ከውጭ የሚገባው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የዶላሩ ጭማሪ የሚያርፈው እርስዎ ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ የእነሱን ዋጋ ከመስማትዎ በፊት የራስዎን ወጪ ያስሉ። እርሻው፣ ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ የአረም መድኃኒቱ፣ ኮምባይነሩ፣ የቤተሰብ ጉልበትም ሳይቀር ይግባ። ለምሳሌ በሄክታር 90 ሺህ ብር ወጥቶ 30 ኩንታል ቢገኝ አንዱ ኩንታል 3 ሺህ ብር ፈጅቷል ማለት ነው። ዝናብ አጥሮ 25 ኩንታል ቢሆንስ? 3,600 ይገባል። የሚፈርሙበት ዋጋ ይህንን ክፉ ዓመት መሸፈን አለበት።

የተቆረጠ ዋጋ ብቻውን አደገኛ ነው። በርክክብ ሰሞን ገበያው ከውሉ በላይ ሲወጣ ነጋዴ ደጅዎ ድረስ ይመጣል፣ ገበሬውም ይፈተናል፣ ከዚያ ክስና ቂም ይከተላል። የሚሻለው «ከዚህ ዋጋ በታች አይወርድም፣ ገበያው ከጨመረ ግን ይጨመራል» የሚል ውል ነው። አጥብቀው ይጠይቁ፤ ብቻዎን ካልሰሙዎት በኅብረት ሥራ ማኅበርዎ በኩል ይደራደሩ። የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 የወጣው እንዲህ ላለው ውል ነው። ቃል ብቻ ይዘው ዘር አይቀበሉ፤ ውሉ ይጻፍ፣ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይወቀው፣ አንዱ ቅጂ እርስዎ ቤት ይቀመጥ።

ብዙ ገበሬ የሚጎዳው ግን በዋጋው ሳይሆን «ጥራቱን አላሟላም» ተብሎ ጭነቱ ሲመለስበት ነው። የብቅል ፋብሪካ የሚፈልገው ፕሮቲኑ ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 በመቶ የሆነ፣ በደንብ የደረቀና ከመቶው 95 እና ከዚያ በላይ የሚበቅል ገብስ ነው። ስለዚህ እንደ ስንዴው ዩሪያ አያብዙ። በተለይ ዘግይቶ የሚጨመር ዩሪያ ፕሮቲኑን ከፍ ያደርገዋል። አምና ማሳው ላይ ባቄላ ከነበረ ደግሞ አፈሩን ስለሚያዳብር የልማት ሠራተኛውን አማክረው ዩሪያውን ይቀንሱ፤ ወጪም ይቀንስልዎታል። ዝናብ ያገኘው አዝመራ ዛላው ላይ ሊበቅል ስለሚችል ሲደርስ አያቆዩት። ኮምባይነሩ ፍሬውን እየሰበረ እንደሆነ መጀመሪያ ከሚወጣው እፍኝ ዘግነው ይዩ፤ የተሰበረ ፍሬ አይበቅልም። ከምግብ ገብስ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ።

ውሉ ላይ ናሙናው እርስዎ ባሉበት እንዲወሰድና ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ያስገቡ። የተመለሰውን ገብስ ለሌላ መሸጥ እንደሚችሉ፣ የዱቤውም መክፈያ ጊዜ እንደሚራዘምልዎ ይጻፍ። ይህን እምቢ ካለ ድርጅት ጋር አይፈርሙ።

ይዞታዎን አስይዘው እንዳይበደሩ ደግሞ አደራ እላለሁ። አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የመጠቀም መብትን ለብድር ማስያዝ ፈቅዷል፤ ለመስኖ ፓምፕ ወይም ዓመታት ለሚያገለግል ሥራ ጥሩ በር ነው። ለአንድ ክረምት ማዳበሪያ ግን አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትና ምርትም ማስያዝ ስለሚቻል አበዳሪውን መጀመሪያ እሱን ይጠይቁት።