የድመቷ ጆሮና የቡና አተላ፦ ጥያቄና መልስ

«ከመንገድ ያነሳኋት ግልገል ድመት ሁለት ወር ቢሆናት ነው። ጆሮዋ ውስጥ ጥቁር ነገር ሞልቷል፤ ቀን ከሌት ታካለች። ጎረቤቴ ‹ላምባ ጠብ አድርጊባት› አለችኝ። ላድርግ?» (ከኮዬ ፈጬ)

ላምባውን ለኩራዙ ይተዉለት። ቆዳዋን ያቃጥላል፤ በእግሯ አክካ ስትልሰው ደግሞ ሆዷ ይገባል። አልኮልም ያው ነው።

የቡና አተላ የመሰለ ደረቅ ጥቁር ነገር ከሆነ ብዙውን ጊዜ የጆሮ ቅንቅን ነው። ጥቂቱን ጥቁር ወረቀት ላይ አራግፈው ብርሃን ላይ በደንብ ይዩት፤ የሚላወሱ ነጫጭ ነጥቦች ካሉ ተገኘ።

ለማጽዳት በፎጣ ጠቅልለው ጭንቅላቷን ብቻ ያስቀሩ። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገዛውን የጆሮ ማጠቢያ ጠርሙስ በመዳፍዎ ለብ አድርገው ጥቂት ጠብታ ይጨምሩ። የጆሮዋን ሥር ከውጭ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲያሹት ቿ ቿ ይላል። ከዚያ ይልቀቋት፤ ጭንቅላቷን ታራግፋለች (ነጠላዎን ቀድመው ያውልቁ)። የወጣውን ብቻ በጣትዎ በጠቀለሉት ጥጥ ይጥረጉ። ባለ እንጨቱን ጥጥ አደራ! የድመት ጆሮ ቀዳዳ ወደ ታች ወርዶ እንደ ክርን ይታጠፋል፤ እንጨቱ ኩኩን ወደ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። እኔ ይህን ያወቅሁት የራሴን ድመት ጆሮ ደፍኜ ሐኪሙ በመከራ ካወጣልኝ በኋላ ነው።

እጥበት ብቻውን ግን ቅንቅኑን አይገድልም፤ ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት ያስፈልጋል። ከእንቁላል እስከ አዋቂ 3 ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ማከኳ ጋብ ሲል መድኃኒቱን አያቋርጡ። ቤት ውስጥ ሌላ ድመት ወይም ውሻ ካለ አብሮ ይታከም፤ ይጋባል።

«ላሞቻችንን የምንወጋው አይቨርሜክቲን አለን። ለድመቷ ትንሽ ብሰጣትስ?» (ከሰንዳፋ)

«ትንሽ» ስንት ነው? ባለ 1 በመቶው የከብት መርፌ 1 ሚሊ ሊትሩ ለ50 ኪሎ ክብደት ነው። ግማሽ ኪሎ ለምትመዝን ግልገል ያንኑ ስሌት ብንወስድ የ1 ሚሊ ሊትር አንድ መቶኛ ይመጣል፤ የትኛው ስሪንጅዎ ይለካዋል? ሐኪም መዝኗት ይዘዝላት። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ ቁንጫ መድኃኒትም ድመት ይገድላል።

«ጆሮዋን በየስንት ቀኑ ላጽዳ?» (ከለገጣፎ)

ንጹሕ ከሆነና ካልሸተተ አይንኩት። በሳምንት አንዴ አየት ማድረግ ይበቃል።

«የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የመንገድ ድመት አሳድገን ጆሮዋን ሳጸዳ ነከሰችኝ። አሁን ጭንቅላቷን ወደ አንድ ጎን አዘንብላለች፤ ጆሮዋም ይሸታል።» (ከቱሉ ዲምቱ)

ልጄ፣ መጀመሪያ አንቺ። ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢውና ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ የመንገድ ድመት መሆኗን ንገሪያቸው። «ግልገል ናት» ተብሎ የእብድ ውሻ በሽታ አይናቅም። ድመቷንም 10 ቀን ከዓይናችሁ አትሰውሯት።

ጆሮዋ ውስጥ ግን ምንም አትጨምሩ። ሽታና መዘንበል ካለ የጆሮዋ ታምቡር ተበስቶ ሊሆን ስለሚችል ማጠቢያውም ይጎዳታል። መንገዱ ቀጥ ብሎ ቢሾፍቱ ይወስዳችኋል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ነው። ካርቶን ውስጥ ፎጣ አንጥፋችሁ ውሰዷት፤ እንድትተነፍስ ጎኑን ብሱት፣ ክዳኑን ግን በገመድ እሰሩት። ታክሲ ውስጥ ካመለጠች ወንበር ሥር ገብታ አትያዝም።