ብር ስለላካችሁ ሐሳቡን አልገዛችሁትም

ከቃሉ፣ ከባቲ፣ ከወረባቦ፣ ከተሁለደሬ ወጥታችሁ ሪያድ፣ ጅዳ፣ ኩዌት፣ ቤሩት ያላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የምታስተምሩት ልጅ ላላችሁ ነው። እኔ የሐርቡ ልጅ ነኝ። ሰው ቤት እየሠራሁ ታናናሾቼን አስተምሬ ጨርሻለሁ፤ አሁን ደግሞ የታላቅ እህቴ ልጅ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ናት። አዲስ የሚመጣው ሁሉ ያንኑ ጥፋት ሲደግም ማየት ስለሰለቸኝ ዛሬ አላባብላችሁም።

1. ወረቀት

የፓስፖርታችሁንና የኢቃማችሁን (የመኖሪያ ፈቃዳችሁን) ፎቶ አገር ቤት ለምታምኑት ሰው ላኩ፤ የሚያልቅበትንም ቀን በቃላችሁ ያዙ። ተማሪው ሲገባ የፈረመው የወጪ መጋራት ውል ከምርቃት በኋላ የሚከፈል ዕዳ መሆኑን እወቁ። በወረቀት በኩል ያለኝ ይህ ነው።

2. ብሩ የት ይገባል?

ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ፤ ሪያሉም ዲናሩም አብሮ ወጣ። ብዙዎቻችን «የምንልከው በረከተ» ብለን ተደሰትን። ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ የመናኸሪያው ታሪፍም አብሮ መውጣቱን የሚያውቀው ግን ተማሪው ነው። ግቢ ውስጥ ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚያዘው በጀት 22 ብር ነበር፤ በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ ተደረገ። ቁርስ፣ ምሳና እራት በዚህ ነው። ልጁ ነን ካፌ ልሁን፣ ከግቢው ካፌ ውጪ ልብላ ቢላችሁ ቅብጠት ነው ብላችሁ አትቆጡት፤ መጀመሪያ ምን እንደሚበላ ጠይቁት።

አይፎን ተልኮለት ሃንድአውት ኮፒ የሚያስደርግበት አጥቶ የሚበደር ልጅ አውቃለሁ። ስልኩን የላከችለት እህቱ ደግሞ ለዚያ ስልክ ስንት ወር እንደለፋች አውቃለሁ። ምን አስባ ነው? ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ ዲግሪ የሚወስድ የለም። ማለፊያው 50 ነው፤ ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። ያገለገለም ቢሆን ላፕቶፕ ግዙለት። ሴት ልጅ ከሆነች የሞዴስ ብር ሳትጠይቃችሁ ላኩ፤ አፍራ አትነግራችሁም። ከባቲ ቆላ ለመጣ ልጅ ደግሞ ደሴ ያለው የጦሳ ተራራ ብርድ ቀልድ አይደለም፤ ወፍራም ብርድ ልብስና ጃኬት ያስፈልገዋል።

3. በስልክ ፖለቲካ አትጋቱት

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልግባ።

ጅዳ የምትኖር የማውቃት ልጅ ወንድሟ ጋ ትደውላለች። የልጁ ስልክ ማዳመጫው ተበላሽቶ የሚያወራው በስፒከር ነው። ዶርሙ ተደራራቢ አልጋ ነው፤ ከላዩ የጎጃም ልጅ ተኝቷል፣ ከጎኑ የወላይታ ልጅ ያነባል፣ በሩ አጠገብ ከጅማ የመጣ ልጅ የታጠበ ሸሚዝ ያሰጣል። እሷ ሰላምታዋን ሳትጨርስ ቲክቶክ ላይ የሰማችውን ታራግፈው ጀመር። እነ እገሌ እንዲህ አደረጉን፣ እነሱን ማመን የለም፣ አንተ ምን አፍህን ይዞሃል፣ ወጣቱ እየሞተ አንተ ተኝተሃል ወይ! ልጁ «እሺ፣ እሺ» እያለ ድምፁን ለመቀነስ ቁልፉን ይጫናል። የጅማው ልጅ ሸሚዙን እንደያዘ ወጣ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እሷ ስልኩን ዘግታ ወደ ማዳሟ ኩሽና ተመለሰች፤ ወንድሟ ግን እዚያው ክፍል፣ ከእነዚያው ልጆች ጋር ማደር አለበት። ሃንድአውት ያውሰው፣ በረመዳን ለሱሁር ይቀሰቅሰው የነበረው ይኸው የጅማ ልጅ ነው። ይህን የነገረችኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ልጁ የክፍሏ ተማሪ ነው፣ ዶርም ለመቀየር ፕሮክተሩን (የዶርም ተቆጣጣሪውን) ሲለምን ከርሟል።

ለምን እንዲህ እንደምንሆን ይገባኛል። ከሰው ቤት ሳይወጣ ወር የሚከርም ሰው አገሩን የሚያገኘው በስልክ ብቻ ነው። የቲክቶክ ላይቩ ይጮሃል፣ ስጦታው ይዘንባል፣ ደም ይፈላል። የፈላ ደማችሁን ግን ደሴ ዶርም ውስጥ አታፍስሱት። ቪዲዮም አትላኩለት። ለእረፍት ወደ ቤቱ ሲሄድ ኬላ ላይ ስልክህን አሳይ ሊባል ይችላል፤ ያን ጊዜ መልስ የሚሰጠው እሱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

ደግሞስ ስለ አገሩ ከእኛ ምን ይማራል? ቁጠሩት እስቲ። 2012 ላይ ኮሮና ትምህርት ቤቱን ዘጋበት። ጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተያዙ፣ ሕዝቡ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ወልዲያ ዩኒቨርሲቲም ተዘረፉ። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፣ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ወራት አለፉ። በዚህ መሀል አጥንቶ ነው 12ኛ ክፍል የተፈተነው፤ በ2016 በአገር ደረጃ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በቀጥታም ይግባ በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት)፣ ይህን ሁሉ አልፎ ግቢ የደረሰን ልጅ «አንተ ምን ታውቃለህ» ማለት ነውር ነው።

እኔ የእህቴን ልጅ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» እላታለሁ፤ ብቻዋን ስትሆን። ወላሂ ከላይቩ ሁሉ የምትሻል እሷ ናት። ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ወደብ ወሬ ሲበዛ «አክስቴ፣ ሌላው ካርታ ያያል፣ እኛ የሸሸንበት መንገድ ነው የሚታየን» አለችኝ። ወደብ አያስፈልግም አላለችም፤ ሰሜን ላይ ሌላ ጦርነት እንዳይነሳ ነው የምትፈራው። ጳጉሜን 2017 የዓባይ ግድብ ሲመረቅ በጣም ደስ ብሏታል፤ ዶርሟ ውስጥ ያለችው የደብረ ታቦር ልጅ ግን «የእኛ ሰፈር መብራት መች ይገባል?» ብላ ተከራክራታለች። መብራት በጠፋ ማታ እንዲህ እየተከራከሩ ያመሻሉ፤ ጠዋት ደግሞ አብረው ካፌ ይሰለፋሉ። ፍሬሽማን ላይ ሎጂክ ተምረዋል፤ ሰውየውን መስደብ ለሐሳቡ መልስ እንዳልሆነ ያውቃሉ። እኛ ነን ያላወቅነው።

ከሐሳባችሁ ጋር ባይገጥም ምን ትሆናላችሁ? «እንዲህ ካሰብክ ብር አልክም» ያለ ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አላህ ይጠብቀን! ለወንድማችሁ የላካችሁት የእንጀራ ብር ነው። በእንጀራ አፉን ካስያዛችሁት የሚነግራችሁ መስማት የምትፈልጉትን ብቻ ይሆናል፤ ሲቸግረውም፣ ሲታመምም፣ ኤፍ ሲያመጣም አይነግራችሁም። ሰዎቹ እንደዚህ ነው ከወንድማቸው የሚቆራረጡት፤ ከዚያ ምን አድርገነው ነው ይላሉ።

4. «ተመርቄ ምን ላገኝ ነው?» ሲላችሁ

ለተማሪው ትልቁ የወቅቱ ጉዳይ ይህ ነው፤ እኛ ግን ሰምተን እናልፈዋለን። ደሴ ፒያሳ ብትወርዱ ዲግሪ ይዞ ባጃጅ የሚነዳ ታገኛላችሁ። ተማሪው እሱን ያያል፤ ማታ ቲክቶክ ሲከፍት ደግሞ እኛን ያያል፣ ወርቅ አድርገን፣ በማዳም ሳሎን። ደላላው የቀረውን ይጨርሳል። መንገዱ በሚሌና በሎግያ አድርጎ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከዚያ በእግር እስከ ሳዑዲ ድንበር ነው። ወሎ ውስጥ በዚህ መንገድ የቀረ ልጅ የማይለቀስበት ቀበሌ ፈልጋችሁ አታገኙም።

ስለዚህ ሥራችሁን እንዳለ ንገሩት። ስንት ሰዓት እንደምትነሡ፣ ወገባችሁ እንዴት እንደሚያድር፣ ደመወዝ ሲዘገይ ለማን እንደምትናገሩ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ነው የወጣሁት፤ ሻንጣዬን ስይዝ «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» ያለኝ ሰው አልነበረም። ዛሬም የሚቆጨኝ ይህ ነው። የእህቴ ልጅ አሳይመንቷን በስልክ ስታነብልኝ ግማሹ አይገባኝም፤ ግን እንደገና አስነብባታለሁ። ያንን ደብተር ትታ እኔ ያለሁበት እንድትመጣ አልፈልግም። ለደላላ የሚከፈለው ብር ለተመረቀ ልጅ አዲስ አበባ ለሥራ ፈተና መመላለሻና የወራት ቀለብ ይሆናል፤ ይህን አስቀድማችሁ ቃል ግቡለት፣ ሳይለምናችሁ።

ሰኔ ላይ የመውጫ ፈተና ያለበት ልጅ ካላችሁ ደግሞ ከግንቦት ጀምሮ የመሬት ክርክሩን፣ የዘመድ ጠቡን፣ የላይቩን ወሬ ከእሱ አርቁ። ባጭሩ ደውሉ፤ የኮፒና የኢንተርኔት ጥቅል ብሩን ቀደም አድርጋችሁ ላኩ። እናቱ እንኳ ብታስነጥስ ለእሱ ሳይሆን ለጎረቤት ደውሉ።