መልስ፦ ጉጉቱ ሲጠፋ የጀመሩትን መቀጠል

አዲስ ቋንቋ መማር በጉጉት ጀምረው ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን መግለጥ እንኳ ስለከበደዎት «ሰነፍ ሆኜ ይሆን?» ብለው ጠይቀዋል። ስንፍና አይመስለኝም፤ ይልቁንም በጨረፍታ ያነሡት ነገር፣ ላጠኑበት ቀን ሁሉ ለራስዎ ሽልማት መስጠት መጀመርዎ፣ ትኩረቴን ስቦታል። ተነሣሽነት ሥራው ራሱ ከሚሰጠው ደስታም ሆነ ከሽልማትና ከወቀሳ ፍርሃት ሊመነጭ ይችላል፤ ሁለቱ ግን ሁልጊዜ አይደጋገፉም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ መሳል የሚወዱ ሕፃናት «ከሳላችሁ ትሸለማላችሁ» ተብለው ከተሸለሙ በኋላ፣ ሽልማት በሌለበት ነጻ ጊዜያቸው ከሌሎቹ ልጆች ባነሰ መጠን ሲስሉ ታይተዋል፤ ሳይጠብቁ የተሸለሙት ላይ ግን ይህ አልታየም። ስለዚህ ሽልማቱን ለጊዜው ይተዉትና፣ በቋንቋው ለማንበብ የሚጓጉለትን አንድ ጽሑፍ ይምረጡ። ጉጉት ለማይኖርበት ቀን ደግሞ (ይህ ቀን ለማንም አይቀርም) ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ያጠኑት ዘዴ ይረዳል፦ «አጠናለሁ» ብሎ ከመተው ይልቅ «የእራት ሳህኑን አጥቤ እንዳስቀመጥኩ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አምስት ዐረፍተ ነገር እጽፋለሁ» ብሎ ጊዜውንና ቦታውን አስቀድሞ መወሰን ነው። እስክሪብቶውንም ደብተሩ ውስጥ እንዳለ ይተዉት፤ እሱን መፈለግ ራሱ ሰበብ እንዳይሆንብዎት።