የአደይ አበባን ቀን ስለ መመዝገብ ለቀረበው ጥያቄ መልስ

«ባለሙያ ሳልሆን አደይ አበባ የሚፈካበትን ቀን በየዓመቱ ብመዘግብ ለሳይንስ ይጠቅማል ወይ? ምንስ ልጻፍ?» ብለው ለጠየቁት፣ በእርግጥ ይጠቅማል። እንግሊዛዊው ሮበርት ማርሻም እ.ኤ.አ. በ1736 በኖርፎክ ርስቱ ላይ የጸደይ ምልክቶችን መመዝገብ ሲጀምር እንደ እርስዎ አማተር ነበር፤ ዘሮቹ እስከ 1958 ያቆዩት መዝገብ ዛሬ የአየር ንብረት ለውጥ አጥኚዎች የሚመረምሩት ማስረጃ ሆኗል።

ዋናው ነገር አንድ ቦታ መርጦ በየዓመቱ ወደዚያው መመላለስ ነው። የመጀመሪያው አበባ የተከፈተበትን፣ መስኩ በሙሉ ቢጫ የለበሰበትንና አበባው የረገፈበትን ቀን ለየብቻ ይጻፉ። ሄደው ምንም ያላዩበትን ቀንም አይተዉ፤ ትናንት አለመፍካቱ ካልታወቀ የዛሬው የመጀመሪያው መሆኑ አይረጋገጥምና። ከፍታ የአበባውን ጊዜ ስለሚለውጥ የቦታውን ከፍታ በሜትር ያስፍሩ። አደይ የምንለው ባይደንስ ከሚባለው የዕፅዋት ወገን ከአንድ በላይ ዝርያ ስለሆነም ቅጠሉን ጭምር ፎቶ ያንሱ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር የቀን አቆጣጠር ነው። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ሲውል፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ግን ሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን ካልጻፉ፣ ከዓመታት በኋላ ሲያነጻጽሩ የአንድ ቀን ልዩነት የተፈጥሮ ለውጥ ሊመስልዎት ይችላል።

የመስቀል ወፍንም ቢጨምሩ ደስ ይለኛል። ወንዱ ደማቅ ላባውን ለብሶ መጀመሪያ ያዩበትን ቀን ይመዝግቡ፤ ከመራቢያው ወቅት ውጭ እንደ ሴቷ ቡናማ ስለሚሆን ግን «ጠፋ» ብለው አይጻፉ።