ሆርሞኑን እንዴት ላቁም? ጥያቄና መልስ

በማረጥ ጊዜ የሚሰጠውን የሆርሞን ሕክምና ስለ ማቆም እህቶች ያቀረባችኋቸውን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ። አሜሪካ ውስጥ በፋርማሲስትነት ስሠራ ደጋግሜ የማየው ነገር ቢኖር፣ መድኃኒቱን ስትጀምር ብዙ ምክር የተሰጣት ሴት ስታቆመው ግን ብቻዋን መቅረቷ ነው፤ ይህም በጣም ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ ሆርሞን ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሞላኝ። ከዚያ በላይ መውሰድ አይቻልም የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ለሁሉም ሴት የሚሠራ የተቆረጠ ዓመት የለም። ፍርሃቱ በአብዛኛው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2002 የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ የተባለው የአሜሪካ ጥናት፣ ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞንና ፕሮጄስቲን (ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሌላውን የሴት ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት) አጣምረው በሚወስዱ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር፣ የስትሮክና የደም መርጋት አደጋ ጨምሮ በመገኘቱ ያ የጥናቱ ክፍል ከታቀደለት ጊዜ በፊት ሲቋረጥ ነው። በጡት ካንሰር በኩል የታየው ጭማሪ ከ10,000 ሴቶች በዓመት 8 ያህል ነበር። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ስለነበረ፣ ውጤቱን በ50 ዓመቷ ለጀመረች ሴት እንዳለ መውሰድ አይገባም። ያም ሆኖ፣ ጥምሩ መድኃኒት የተወሰደበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር የጡት ካንሰር አደጋው እንደሚጨምርና ከቆመም በኋላ ወዲያው እንደማይጠፋ ልሸሽግዎ አልፈልግም። በየዓመቱ ከሐኪምዎ ጋር ተቀምጠው፣ መድኃኒቱን የጀመሩበት ምክንያት ዛሬም አለ ወይ ብለው ይመርምሩ።

ጥያቄ፦ በአንድ ጊዜ ልተወው ወይስ ቀስ በቀስ?

መልስ፦ ሁለቱም ይቻላል። ቀስ በቀስ መቀነስ በመጀመሪያዎቹ ወራት በማረጥ ጊዜ የሚመጣውን ድንገተኛ ሙቀትና ላብ መመለስ ሊያቀልል ይችላል፤ ቆይቶ ሲታይ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም። ከሚያቆሙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ምልክቱ ይመለስባቸዋል፤ ይህ የድክመት ምልክት አይደለምና እባካችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። አንዲት ደንበኛዬ በበጋው ሙቀት መካከል በድንገት አቁማ፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ እየተነሣች ትራስ ስትገለብጥና የሌሊት ልብሷን ስትቀይር ከረመች። በቀዝቃዛው ወቅት፣ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ከ50 ማይክሮግራም ፓች (በቆዳ ላይ ከሚለጠፍ መድኃኒት) ወደ 25 ወርዳ ስትሞክረው ግን ተሳካላት። በነገራችን ላይ፣ ፓቹን በመቀስ ከመቁረጣችሁ በፊት ፋርማሲስት ጠይቁ፤ መድኃኒቱ በፈሳሽ መልክ በከረጢት የተያዘበት ዓይነት ፈጽሞ አይቆረጥም።

ጥያቄ፦ ፕሮጄስትሮኑ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። እሱን ብቻ ትቼ ኢስትሮጅኑን ልቀጥል?

መልስ፦ ማህፀንዎ ካለ፣ በፍጹም አያድርጉት። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙልኝ ቢሆን ይህን ያዙልኝ። ኢስትሮጅን ብቻውን ሲወሰድ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያወፍራል፤ ያ ውፍረት ከጊዜ በኋላ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጡ ጥናቶች ከታየ ወዲህ ነው ማህፀን ላላት ሴት ፕሮጄስትሮን የሚታዘዘው። እንቅልፉ ካስቸገረዎት ሰዓቱን ወደ መኝታ ማዛወር ወይም ዓይነቱን መቀየር ስለሚቻል ለሐኪምዎ ይንገሩ። ካረጡ በኋላ ያልተጠበቀ ደም ካዩ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ሳይዘገዩ ይታዩ።

ጥያቄ፦ ኦቫሪዎቼ (የእንቁላል ማፍሪያዎቼ) በ38 ዓመቴ በቀዶ ሕክምና ወጥተዋል፤ አሁን 44 ነኝ። እኔስ?

መልስ፦ የእርስዎ ጉዳይ ከሌሎቹ የተለየ ነው። የሚከለክል ሌላ ሕመም ከሌለ፣ ሕክምናው ቢያንስ ማረጥ በተፈጥሮ እስከሚመጣበት እስከ 51 ዓመት ገደማ እንዲቀጥል ይመከራል፤ አለዚያ አጥንትም ልብም ሊጎዱ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። ሆርሞኑን ካቆምኩ አጥንቴ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ኢስትሮጅን ለአጥንት የሚሰጠው ጥበቃ መድኃኒቱ ሲቆም አብሮ ይቆማል፤ የአጥንት መሳሳቱም እንደገና ይጀምራል። በቤተሰብዎ እንዲህ ያለ ስብራት ስላለ፣ ከማቆምዎ በፊት የአጥንት ጥግግት ምርመራ እንዲያዝልዎ ይጠይቁ። አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ለአጥንት ብቻ የሚሰጡ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ።

ጥያቄ፦ ሙቀቱ ከተመለሰብኝ ተልባ ይረዳኛል?

መልስ፦ ተልባ ለሆድ ድርቀት ጥሩ ነው፤ ለሙቀቱ ግን በጥናት ሲፈተሽ መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ የተሻለ አልሆነም። ሆርሞን ያልሆኑ የሚረዱ መድኃኒቶች ግን አሉ፦ ቬንላፋክሲን፣ ጋባፔንቲን፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የተፈቀደው ፌዞሊኔታንት። ይህ የመጨረሻው ሲወሰድ የጉበት ምርመራ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ካቆምኩ በኋላ የብልቴ ድርቀትና ማቃጠል ብሶብኛል፤ ለባለቤቴ እንኳ መናገር አፈርኩ።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ስለጠየቁ አመሰግንዎታለሁ፤ ብዙዎች ዝም ብለው ይሠቃያሉ። ሙቀቱ ከዓመታት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ድርቀቱ ግን ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ እየባሰ ይመጣል። በብልት ውስጥ የሚደረግ አነስተኛ መጠን ያለው የኢስትሮጅን ክሬም ወይም ኪኒን ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ዋናውን ሕክምና ያቆመች ሴትም ልትጠቀምበት ትችላለች። የጡት ካንሰር ታሪክ ካለዎት ግን አስቀድመው የካንሰር ሐኪምዎን ያማክሩ። ፊት ለፊት መናገሩ ከከበደዎት፣ «የብልት ድርቀት አለብኝ፣ ያቃጥለኛል» የሚለውን ብቻ በወረቀት ጽፈው ለሐኪምዎ ይስጡ።