አትሌቲኮ ቱሪን ላይ ለምን ተናደ? ከሮናልዶ በፊት የነበረውን እንይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ «በአሰልጣኝ ሲሞኔ ዘመን ግብ የማይገባበት አትሌቲኮ ማድሪድ በ2019ኙ ቻምፒዮንስ ሊግ ጥሎ ማለፍ ሜዳው ላይ 2ለ0 አሸንፎ ሄዶ፣ ዩቬንቱስ ሜዳ ላይ 3ለ0 እንዴት ተሸነፈ? ተከላካዮቹ ደክመው ነው ወይስ የዩቬንቱሱ ሮናልዶ ብቻ ነው?» የሚል ነው። ብዙ ሰው «ሮናልዶ ነዋ» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሦስቱንም ያስቆጠረው እሱ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም አጥቂ የሚጨርሰው የደረሰውን ኳስ ነው። መታየት ያለበት ኳሱ በዚያ ምሽት በዚያ ብዛትና በዚያ ቦታ ለምን ደረሰው የሚለው ነው። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ አትሌቲኮ የተሸነፈው ኳስ መንጠቅ አቅቶት ሳይሆን፣ የነጠቀውን ኳስ ይዞ ከሜዳው መውጣት ስላቃተው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

መጀመሪያ የቡድኑን ጥንካሬ እናስታውስ። አትሌቲኮ በ2017/18 የላሊጋ ውድድር በ38 ጨዋታ የገባበት 22 ግብ ብቻ ነበር። በ2018/19ም በ29 ግብ ከሊጉ ሁሉ ትንሽ የተቆጠረበት ቡድን ነው። ግብ ጠባቂው ያን ኦብላክ፣ የመሀል ተከላካዮቹ ዲዬጎ ጎዲንና ሆሴ ሂሜኔዝ፣ ማንም የሚመኛቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2019 ማድሪድ ላይ ሂሜኔዝ በ78ኛው፣ ጎዲን በ83ኛው ደቂቃ አስቆጥረው አሸነፉ። ሁለቱም ግቦች ከቆመ ኳስ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ከማዕዘን ምት፣ ሌላው ከቅጣት ምት። ይህን ያዝልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሲሞኔ 4-4-2 ሜዳውን በሙሉ አይዘጋም፤ የሚችልም የለም። የሜዳው ወርድ 68 ሜትር ነው። አራቱ ተከላካዮችና አራቱ አማካዮች ተጠጋግተው የሚሸፍኑት መሀሉን 35 እና 40 ሜትር ያህል ነው። መስመሩን አውቀው ይለቁታል። ሐሳቡ «በመሀል አትገቡም፤ ከፈለጋችሁ ከጥግ አሻግሩ፣ ጎዲንና ሂሜኔዝ በግንባር ይመልሱላችኋል» ነው። ይህ ስሌት ለዓመታት ሠርቷል። የሚሠራው ግን አሻጋሪው ጊዜ ሲያጣ፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው አጥቂ አንድ ወይም ሁለት ሲሆን፣ ከሩቁ ቋሚ የቆመው ተከላካይም በአየር ላይ መፋለም ሲችል ነው። ማርች 12 በዩቬንቱስ ከተማ ቱሪን ላይ እነዚህ ነገሮች በአንድ ጊዜ ጠፉ።

የጎደሉትን ሰዎች እንቁጠር። የግራ መስመር ተከላካዮቹ ፊሊፔ ሉዊስና ሉካስ ኸርናንዴዝ ሁለቱም አልነበሩም። አማካዩ ቶማስ ፓርቴይና አጥቂው ዲዬጎ ኮስታ በካርድ ታግደዋል። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ በቀኝ የተጫወተው ሁዋንፍራን በግራ ተሰለፈ፣ ሳንቲያጎ አሪያስ በቀኝ። ቀኝ እግረኛ በግራ ሲሰለፍ ሰው የሚያስበው ኳስ ሲያወጣ የሚገጥመውን ችግር ብቻ ነው። ከዚያ የባሰው ግን የሰውነት አቋቋሙ ነው። ለዓመታት የለመደው በግራ ትከሻው በኩል ጓደኛውን፣ በቀኝ ትከሻው በኩል መስመሩን ማየት ነው። ወደ ግራ ሲዞር ሁሉም ይገለበጥበታል። ከተቃራኒው ጥግ የሚሻገርን ኳስ እያየ ከጀርባው የሚመጣውን ሰው ለመከታተል አንገቱን በሌላ በኩል ማዞር አለበት። በልምምድ ካልዳበረ ግማሽ ሴኮንድ ይዘገያል፤ ለሮናልዶ ደግሞ ግማሽ ሴኮንድ ይበቃል። የኮስታ መጥፋት የጎዳው ማጥቃቱን ብቻ ይመስላል እንጂ መከላከሉንም ነው የጎዳው፤ ምክንያቱን ወደታች ታየዋለህ።

አሁን ወደ ዩቬንቱሱ አሰልጣኝ አሌግሪ ሥራ። በወረቀት ላይ 4-3-3 ነበር። ኳስ ሲይዙ ግን ኤምሬ ቻን ከአማካይነት ወርዶ ከቦኑቺና ከኪዬሊኒ ጎን ሦስተኛ ተከላካይ ይሆናል። አትሌቲኮ ከፊት ጫና የሚያደርጉት ግሪዝማንና ሞራታ ሁለት ናቸው፤ ሦስት ለሁለት ሆነ ማለት ነው። አንዱ ምንጊዜም ነፃ ስለሆነ ኳሱ ሳይቸኩል ይወጣል። በዚህ ምክንያት የመስመር ተከላካዮቹ፣ ካንሴሎ በቀኝ፣ ስፒናዞላ በግራ (አሌክስ ሳንድሮ ታግዶ ነበር) ከኋላ ምንም ሳይሰጉ እንደ ክንፍ አጥቂ ከፍ ብለው ቆሙ። በመሀል ሮናልዶና ማንጁኪች፣ በመካከላቸው ደግሞ ከጥግ ጥግ የሚንቀሳቀሰው ቤርናርዴስኪ። ቁጠረው፦ ከፊት አምስት ሰው፣ በአራት ተከላካይ ላይ።

አራት ተከላካይ አምስት ሰው ሲመጣበት ምርጫው ሁለት ነው። ወይ አራቱ ተጠጋግተው ዳር ያለውን ነፃ ይተዉታል፣ ወይ የመስመር አማካዩ ወርዶ አምስተኛና ስድስተኛ ተከላካይ ይሆናል። አትሌቲኮ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን እያደረገ ጀመረና እየቆየ ወደ ሁለተኛው አዘነበለ። የመስመር አማካዮቹ ወረዱ። ያኔ መሀል ላይ ሁለት ሰው ብቻ ቀረ፤ የዩቬንቱሱ አማካይ ፒያኒች ከሳጥኑ 25 ሜትር ርቆ ማንም ሳይነካው ኳስ ያከፋፍላል። ተመልሶ የወጣ ኳስ ሁሉ የሚያርፈው እሱና ማቱዊዲ ዘንድ ነው። ሁለተኛውን ኳስ የማይወስድ መከላከል አንዱን ጥቃት አስር ጊዜ ይከላከላል።

የመጀመሪያው ግብ በ27ኛው ደቂቃ ገባ፤ ደጋግመህ ብታየው የሚጠቅም ግብ ነው። ቤርናርዴስኪ ከግራ በግራ እግሩ አሻገረ። በግራ እግር ከግራ የተሻገረ ኳስ ከግብ ጠባቂው እየራቀ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ኦብላክ ከመስመሩ ሊወጣ አይችልም፣ ቢወጣ ያመልጠዋል። ኳሱ የመሀል ተከላካዮቹን አልፎ ሩቁ ቋሚ ጋ ወረደ። እዚያ ያለው ሁዋንፍራን ነው። የሮናልዶ ቁመት 1.87 ሜትር ነው፣ ግን የቁመት ጉዳይ ብቻ አድርገህ አትውሰደው። ሮናልዶ ሮጦ መጥቶ ዘለለ፤ ተከላካዩ ከቆመበት ዘለለ። ሁለቱ እኩል ቁመት ቢኖራቸው እንኳ እየሮጠ የመጣው ይበልጣል።

እዚህ ላይ ተከላካይ ምን ማድረግ ነበረበት? በአየር ፍልሚያ እንደማይችለው ካወቀ ፍልሚያውን ወደ መሬት ማውረድ አለበት። ኳሱ ገና በአሻጋሪው እግር ላይ እያለ አጥቂውን በክንዱ ነክቶ መያዝ (መግፋት አይደለም፣ የት እንዳለ ማወቅ ነው)፣ ከዚያ ሩጫ የሚጀምርበትን መንገድ በሰውነቱ መዝጋት። አጥቂው ሁለት እርምጃ ካላገኘ ከፍ አይልም። ከዚያ በፊት ደግሞ አሻጋሪው መታፈን አለበት። ከአሻጋሪው በሁለት ሜትር ውስጥ ተከላካይ ካለ ኳሱ ብዙ ጊዜ ወይ ተመትቶ ይመለሳል፣ ወይ ተቸኩሎ ይሻገራል። አራትና አምስት ሜትር ከቆምክ ራሱን ቀና አድርጎ አይቶ መርጦ ይልክልሃል። በዚያ ምሽት አሻጋሪዎቹ ቀና ብለው ያዩ ነበር።

ሁለተኛው ግብ ከእረፍት መልስ ወዲያው መጣ፤ በዚህ ጊዜ ከቀኝ፣ ከካንሴሎ። ሮናልዶ በግንባሩ ገጨ፣ ኦብላክ ተወርውሮ አወጣው፣ ነገር ግን ኳሱ መስመሩን አልፎ ነበርና የግብ መስመር ቴክኖሎጂው ለዳኛው ለኩይፐርስ ነገረው። ኦብላክን የሚወቅስ ካለ ኳሱ ከስንት ሜትር እንደተገጨ መልሶ ይይ። ቁምነገሩ ከሁለቱም ጥግ መምጣቱ ነው። ከአንድ ጥግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቡድኑ ወደዚያ ተገፍቶ ያፍነው ነበር፤ ከሁለቱም ሲመጣ ግን የመሀል ተከላካዮቹ ወደየትም መጠጋት አይችሉም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አትሌቲኮ በዚያ ጨዋታ በ90 ደቂቃ አንድም ኳስ ወደ ግቡ አላማ አልመታም። ዜሮ። ሞራታ ከእረፍት በፊት በግንባር ከግቡ በላይ የላካት ጥሩ አጋጣሚ ነበረች፤ ከእሷ ሌላ እዚህ ግባ የሚባል የለም። በዚያን ዘመን ከሜዳ ውጭ የሚቆጠር ግብ ሕግ ነበር፦ የደርሶ መልሱ ድምር እኩል ከሆነ ከሜዳው ውጭ ብዙ ያገባው ያልፋል፤ ዩኤፋ የሻረው በ2021 ነው። አትሌቲኮ አንዲት ግብ ቢያገባ ዩቬንቱስ አራት ማስቆጠር ይጠበቅበታል። ስለዚህ ወደፊት መውጣት የመከላከያው ትልቁ ክፍል ነበር፤ ካንሴሎና ስፒናዞላ ከኋላቸው ያለው ክፍት ሜዳ ቢያስፈራቸው ያን ያህል አይወጡም ነበር።

ለምን አልወጣም? ስድስት ሰው ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ኳስ ስትነጥቅ፣ ከፊትህ ያለው ቅርብ ሰው 30 ሜትር ይርቃል። ኳሱን ወደ እሱ ስትልክ ሦስት ተከላካይ ይጠብቀዋል። እዚህ ላይ ነው ኮስታ የሚያስፈልገው፦ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ኪዬሊኒን ተሸክሞ፣ ኳሱን አራትና አምስት ሴኮንድ ይዞ ወይ ጥፋት የሚያሠራ ሰው። በአራት ሴኮንድ አማካዮቹ 20 ሜትር ይወጣሉ፣ የተከላካይ መስመሩም ይተነፍሳል። ሞራታ የሩጫ አጥቂ ነው፣ ግሪዝማን በእግሩ ሥር ኳስ የሚፈልግ ነው፤ ያን ሥራ የሚሠራ አልነበረም። ቶማስ ቢኖር ደግሞ ኳሱን ራሱ ይዞ አንድ ሰው አልፎ ይወጣ ነበር። የቀረው ሰው ኳሱን ዝም ብሎ ያርቃል፣ ኳሱም በአምስት ሴኮንድ ተመልሶ ይመጣል። ማድሪድ ላይ ሁለቱም ግቦች ከቆመ ኳስ መምጣታቸውን ያዝልኝ ያልኩህ ለዚህ ነው፤ በጨዋታ ሂደት ዩቬንቱስን የሚያስጨንቅ መንገድ ገና ያኔም አልተረጋገጠም ነበር፣ ውጤቱ ግን ሸፈነው።

የሲሞኔ ቅያሪ ላይ አጥብቄ እወቅሳለሁ። በ57ኛው ደቂቃ ሌማርን በኮሬያ ቀየረ፤ ቅርጹ ግን ያው አራት ተከላካይ ለአምስት አጥቂ ሆኖ ቀጠለ። ውጤቱ በደርሶ መልስ 2ለ2 ሲሆን ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፦ ወይ አምስተኛ ተከላካይ አስገብቶ ለእያንዳንዱ አጥቂ አንድ ሰው መስጠት፣ ያኔ የመስመር አማካዮቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰው አሻጋሪውን ያፍናሉ፤ ወይ ከፊት ሦስተኛ ሰው ጨምሮ ኤምሬ ቻንን ማስጨነቅ። አንዱንም ሳያደርግ ቆየ። ሦስተኛው ግብ በ86ኛው ደቂቃ የመጣው ቤርናርዴስኪ ኳስ እየነዳ ረጅም ርቀት ሮጦ ሳጥን ሲገባ ነው። ከኋላ የገፋው ኮሬያ ነው፣ አጥቂ። አጥቂ በራሱ ሳጥን ውስጥ ሰው ከጀርባ እያሳደደ ከተገኘ መሀሉ ባዶ ነበር ማለት ነው። ፍጹም ቅጣት ምት፣ ሮናልዶ፣ አለቀ።

ቡድን የምታሠለጥን ከሆነ ይህን በሜዳ ሞክረው። ግማሽ ሜዳ፣ አራት ተከላካይና ሁለት አማካይ ከግብ ጠባቂ ጋር፤ ከእነሱ ላይ ሰባት አጥቂ፣ ሁለቱ ከየጥጉ ብቻ የሚያሻግሩ። ከመሀል መስመር ላይ ሁለት ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ትንንሽ በሮች አቁም፤ ከበሮቹ ፊት አንድ አጥቂህን ከአንድ ተከላካይ ጋር አስቀምጥ። አራት ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ እረፍት፣ አምስት ዙር። ኳስ ጠልዞ ላወጣ ምንም ነጥብ አትስጥ። ነጥብ የሚገኘው የነጠቁት ኳስ ፊት ያለው አጥቂ ጋ ደርሶ፣ እሱ ይዞ ቆይቶ፣ ሌላ ሰው ደርሶበት በአንዱ በር ሲያልፍ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙር ተከላካዮችህ ነጥብ አያገኙም፣ ይናደዳሉም። በሦስተኛው ዙር ኳስ ከመንጠቃቸው በፊት የት እንደሚልኩት ማየት ይጀምራሉ። የግራ ተከላካይህን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አንድ ዙር አሰልፋቸው፤ የሁዋንፍራን ችግር ምን እንደነበር በቃል ከምትነግራቸው በላይ ይገባቸዋል።

«ታዲያ ሮናልዶ በግንባር እንዳያስቆጥር ማድረግ ይቻል ነበር?» ብለህ ከጠየቅከኝ፣ ያንኑ ዩቬንቱስ በሚቀጥለው ዙር የገጠመውን የኔዘርላንዱን አያክስን ተመልከት። አምስተርዳም ላይ ሮናልዶ ከካንሴሎ የተሻገረውን በግንባሩ አስቆጠረባቸው፣ 1ለ1 ወጡ። ኤፕሪል 16 ቱሪን ላይ ከፒያኒች የማዕዘን ምት በ28ኛው ደቂቃ እንደገና በግንባሩ አስቆጠረባቸው። ግን ኳሱን ይዘው ከሜዳቸው ይወጡ ነበርና ቫን ደ ቤክ በ34ኛው፣ ደ ሊኽት በ67ኛው ደቂቃ አግብተው 2ለ1 አሸንፈው አለፉ።